መታጠቢያ ቤት የተደበቀው የውሃ ሞተር

ካርቱም ላይ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነበር። ቀልብ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ከጥላው አይነቃነቅም፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ግን በሰጃና ገበያ፣ ቧንቧና የውሃ ሞተር በሚሸጥበት ረድፍ፣ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉልበተኛ የውሃ ሞተር። ቤታቸው ሞተር የለም ማለት አይደለም። አለ። እሱ ከገባ ወዲህ ሻወሩ ከመንጠባጠብ አልፎ መፍሰስ ጀምሯል። ነገር ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለላ ከዚያ ሻወር ሥር አልቀመጥም ብለው ልብ አውልቀዋል። ለምን ሲባሉ "ውሃው ይነክሰኛል" ይላሉ፤ ሌላ መልስ የላቸውም። ጋሽ ሸዋንግዛው ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው፣ ውሃው እየተቆራረጠ ስለሚመታት ይሆናል፣ ሞላ ብሎ ቢወርድላት ትለምደዋለች ብለው ደመደሙ።

ሰውየው ያልተማሩ አይደሉም። በአገራቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው በፖለቲካ ተሳድደው ድንበር ከተሻገሩ ወዲህ፣ አርካዊት ሰፈር ሀጃ ፋሪሃ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ አረብኛ መጻፍ ለማይችለው ለአገራቸው ሰው ማመልከቻ እየጻፉ ኖረዋል። ግን የተማረ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱን በምክንያት አስውቦ ስለሆነ የሚሳሳተው፣ ከሌላው ይልቅ እሱን መመለስ ያስቸግራል።

ወይዘሮ ወለላን በብርዱ ወራት ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ከመተኛት ብዛት ጀርባቸው ላይ ቁስል ወጥቷል። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ሲያበቃ ጋሽ ሸዋንግዛውን ወደ ኮሪደሩ አወጣቸውና፣ በዚህ ሙቀት ገላዋ በየቀኑ በሚፈስ ውሃ ካልታጠበ ቁስሉ ወደ አጥንት ይወርዳል፣ አጥንት ላይ ከደረሰ ደግሞ እኔም የምረዳዎት ነገር የለም አላቸው። ያ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። በባልዲ እንዳያጥቧቸው ደግሞ የራሳቸው ወገብ እምቢ ብሏል። የቀረው ሻወሩ ነው፤ ሻወሩን ወይዘሮ ወለላ ፈርተውታል።

ጃፋር ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ደርሰው ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ትልቁን ሞተር በጣታቸው ሲያመለክቱ፣ ከኋላቸው "ጋሼ ሸዋንግዛው?" የሚል ድምፅ ሰሙ። ዞር ቢሉ ዮሳቤጥ ናት። የጓደኛቸው የወንደሰን ልጅ፣ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ፣ እዚሁ ምሕንድስና ተምራ፣ ለሕንፃዎች የውሃ መስመር በሚዘረጋ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። እሷም ለሥራዋ ዕቃ ፍለጋ ነው የመጣችው። አማርኛዋ አረብኛ ይቀላቀልበታል፤ አክብሮቷ ግን ከእናት ከአባቷ ቤት የወጣ ነው። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። የእናቷን ጤና ጠየቁ። እሷም የወይዘሮ ወለላን ጠየቀች፤ ስለ ቁስሉ ሲነግሯት ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ዓይኗ ሞተሩ ላይ ዐረፈ።

"ይሄን ያህል ሞተር ለምን ፈለጉ ጋሼ? ያኒ፣ ፎቅ ሊያጠጡ ነው?"

"ለሻወር ነው፣ ልጄ።"

"ለአንድ ሻወር? ይሄ እኮ ቧንቧውን ራሱ ይገነጥለዋል። ሻወር ብዙ ጉልበት አይፈልግም፤ ትንሽ ቢሆንም የማይቋረጥ ውሃ ነው የሚፈልገው። ሞተር ደግሞ ውሃ አይፈጥርም፣ ያገኘውን ነው የሚገፋው። ያሁኑ ሞተርዎ ውሃውን የሚስበው ከየት ነው?"

ጋሽ ሸዋንግዛው ወዲያና ወዲህ አዩ። ሳይጠየቅ ቢያልፍ የሚመርጡት ጥያቄ ይኸው ነበር። "ከመስመሩ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ከመንግሥቱ መስመር? በቀጥታ?"

"ግማሹ ሰፈር እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እኔን ምን የተለየ ያደርገኛል? ውሃው በራሱ አልመጣም ሲል ጎትተሽ ታመጪዋለሽ።"

ዮሳቤጥ አልተቆጣችም። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መስመሩ አሮጌ ነው። ብዙ ቦታ ተሰንጥቋል። ሞተርዎ ሲስብ በስንጥቁ በኩል አፈሩንም የፍሳሹንም ቆሻሻ አብሮ ይስባል። ያንን ነው ቁስላቸው ላይ የሚያፈሱት። እርስዎ በሚስቡበት ሰዓት ደግሞ የጎረቤትዎ ቧንቧ ይደርቃል። መስመሩ ውሃ ሲያጣ ሞተሩ አየር ይውጣል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ትልቅ ከገዙ ሦስቱንም ነው የሚያብሱት።"

ጋሽ ሸዋንግዛው ነገሩን በጆሯቸው ሰሙት እንጂ በልባቸው አላስገቡትም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሲያስተምሩ እሳቸውም ጎበዝ ነበሩ፤ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውና ቤት ያለው ግን አይገናኝም ብለው ያምናሉ። "መጽሐፉ እንደዚያ ይላል፣ ልጄ" አሏት። "የታመመ ሰው ያለበት ቤት ግን መጽሐፉን አይጠብቅም።"

"እሺ። የተቀመጠውስ የት ነው?"

በዚህ ጥያቄ እንኳ ኮራ አሉ። ማንም እንዳያየው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከበርሜሉ ኋላ ሸጉጠውታል። ገመዱን በበሩ ሥር አሾልከው መኝታ ክፍላቸው ካለው ሶኬት ሰክተውታል። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ እንዳይሰማ ሬዲዮኑ እስከ መጨረሻው ከፍ ይላል። ግቢው፣ እዚያ ሆሽ የሚሉት፣ የጋራ ነው፤ በመንገዱ ደግሞ "ውሃዬን በሞተር ሳብክብኝ" እየተባባለ የሚናቆረው ብዙ ነው። ስደተኛ በውሃ ተጣልቶ ፖሊስ ደጁ ከደረሰ ነገሩ በውሃ አያልቅም፤ ወረቀትህን አምጣ ይከተላል። ስለዚህ አይታይ፣ አይሰማ። ጋሽ ሸዋንግዛው ዕድሜ ልካቸውን በካርቱም የኖሩት በዚህች ደንብ ነው፤ ይህንንም ለልጅቱ እንደ ትልቅ ብልኃት ተረኩላት።

ዮሳቤጥ በእጇ የያዘችውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

"እትዬ ወለላ ሲታጠቡ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?"

"የብረት ወንበር አለ። በደህናው እጇ የሻወሩን ቧንቧ ትይዛለች፣ እንዳትወድቅ።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "የሚገርምሽ፣ ውሃው ይነክሰኛል ትላለች። ሕመሙ ነው። ሐኪሙም ሰውነቷ ይደነዝዛል፣ ይቆነጥጣታል ብሎኛል።"

"እርስዎንስ ነክሶዎት ያውቃል?"

"እኔን? በጭራሽ።"

"ሲታጠቡ እግርዎ ላይ ምን አለ?"

"ሰፍንጃዬ ነዋ፣ የላስቲኩ ነጠላ ጫማ።"

"የሳቸውስ?"

"በሽተኛው እግሯ ነጠላ ጫማ አይዝላትም። ባዶ እግሯን ናት።"

የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። "ጋሼ፣ ቤት ይደውሉ። አሁኑኑ። ሞተሩን ከሶኬቱ ይንቀሉት፣ መታጠቢያ ቤትም ማንም እንዳይገባ ይበሏቸው። ከሞተሩ ኮረንቲ እያፈሰሰ ይመስለኛል።"

ጋሽ ሸዋንግዛው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ወደ ብርቅነሽ ደወሉ። ብርቅነሽ አል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራ ጎረቤታቸው ናት፤ ከሥራ ስትመለስ ወይዘሮ ወለላን የምታጥባቸው እሷ ናት። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግመው ደወሉ። የሚያነሣ የለም። ለምን እንደማይነሣ የገባቸው በሦስተኛው ላይ ነው። ሬዲዮኑ ነው። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊ ያሏት እሳቸው ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ጠዋት ብርቅነሽን በር ላይ አስቁመው፣ ዛሬ ብታለቅስም ብትለምንሽም አትስሚያት፣ ቁስሉ እንዳይገድላት በግድም ቢሆን እጠቢያት ብለዋታል። ይህን ሲያስታውሱ የጃፋርን ጠረጴዛ ያዙ።

ዮሳቤጥ እጃቸውን ይዛ ወደ አስፋልቱ አወጣቻቸው፣ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ የኪራይ ሚኒባስ አስቁማ አስገባቻቸው። ሾፌሩን በአረብኛ የታመመ ሰው አለ፣ ያላ፣ ፍጠን አለችው። ሰውየው እሺ ብሎ ነዳ፤ ግን የነዳጅ ሰልፍ የመንገዱን ግማሽ ይዞት ነበርና መኪናዋ ትንሽ ሄዳ ብዙ ትቆማለች። ጋሽ ሸዋንግዛው በአንድ እጃቸው እየደወሉ መከራከር ጀመሩ። ክርክራቸው ለማሸነፍ አልነበረም። ልጅቱ ተሳስታ እንድትገኝ ነበር የሚለምኑት።

"ልጄ፣ ኮረንቲ ቢሆን ኖሮ እኮ እስከ ዛሬ በገደላት ነበር። ይኸው ስንቴ ታጥባለች።"

"ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገድልም ጋሼ። ትንሽ ትንሽ የሚያፈስ አለ። ሞተር እርጥብ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽቦውን የሸፈነው ነገር ይበላሻል። መጀመሪያ እንደ መቆንጠጥ ነው፣ ከዚያ ይጨምራል። መቼ እንደሚጨምር ለማንም አይናገርም። ሞተርዎ የመሬት ሽቦ አለው?"

"ሁለት ሽቦ ነው ያለው። ይበቃዋል ብሎኛል የሸጠልኝ ሰው።"

"ሦስተኛው ነበር የሚያድናቸው። የፈሰሰውን ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው። እሱ ከሌለ መሬት የሚሆኑት እሳቸው ናቸው።"

ጋሽ ሸዋንግዛው ወደሷ ዞሩ። "ሐኪሙስ? ይቆነጥጣታል ያለኝ ሐኪሙ ራሱ ነው። ከሐኪም ልትበልጪ ነው?"

"አልበልጥም። ሐኪሙ ግን የነገረዎት ስለ ግራ ጎናቸው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ነከሰኝ ሲሉ የሚያሳዩዎት የቱን እጃቸውን ነው?"

ዓይናቸው ላይ የመጣው ሚስታቸው እያለቀሱ የሚዘረጉት እጅ ነው፤ ቀኙ፣ ደህናው፣ ቧንቧውን የሚይዙበት። ይህንን ስንት ጊዜ አይተዋል። አይተው ግን "በርቺ እንጂ ወለላ፣ እንደ ሕፃን አትሁኚ" ነበር የሚሏቸው። "ቀኙን" አሉ።

ሰው ካመነም በኋላ ምክንያቱን ቶሎ አይለቅም። ጋሽ ሸዋንግዛው መስኮቱን እያዩ፣ ልጅቱን ይሁን ራሳቸውን እንደሚያስረዱ ሳይታወቅ፣ መደበቁን ግን አትፍረጂብኝ አሏት። አንቺ እዚህ ያደግሽ ነሽ፣ ከሻ የሚሉት አፈሳ ሲመጣ በየአልጋው ሥር የተደበቅነው እኛ ነን፤ ድምፃችንን ያጠፋነው ወደን አይደለም አሏት።

"እኔም አውቀዋለሁ ጋሼ" አለች ዮሳቤጥ። "እናቴ አውቶቡስ ውስጥ አማርኛ አታውሩ ትለን ነበር። ለዚህ ነው አማርኛዬ እንዲህ የሆነው። መደበቅ ያለበት ነገር ይኖራል፣ አልክድም። ሞተር ግን ወረቀት የለው፣ ማን ይጠይቀዋል? የተደበቀ ሞተር ሲበላሽ የሚያየው የለም፣ ሲጮኽ የሚሰማው የለም። እርስዎ ከሰው ደበቁት፤ አሁን ከርስዎም ተደበቀ።"

ሾፌሩ አርካዊት መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጋሽ ሸዋንግዛው መኪናዋ እስክትቆም አልጠበቁም። መንገዱ ጫፍ ሆነው ሬዲዮኑ ይሰማቸዋል። አንድ ዘፋኝ ግቢውን ሞልቶ ይዘፍናል። ሬዲዮኑ ጮኸ ማለት ሞተሩ ተነሥቷል ማለት ነው። እኚህ ደረጃ ሲወጡ ወገቤን የሚሉ ሰው እንዴት እንደሮጡ እሳቸውም አያውቁት፤ የውጩን በር በትከሻቸው ገፍተው፣ የተሰጣ ልብስ አናታቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ መኝታ ክፍሉ ገቡና ገመዱን ከሶኬቱ በኃይል ነቀሉት። ዮሳቤጥ ከኋላ ደርሳ ሬዲዮኑን ዘጋችው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ከመታጠቢያ ቤቱ የሚሰማ አልነበረም።

"ወለላ" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው በሩን ይዘው።

በሩን በጡጫ መቱት።

"ወለላዬ።"

መጀመሪያ የመጣው የብርቅነሽ ድምፅ ነው፤ ውሃውን ማን አጠፋው እያለች። በሩ ከውስጥ ሲከፈት ወይዘሮ ወለላ ብረት ወንበሩ ላይ ተኮራምተው፣ በአንሶላ ተጠቅልለው፣ ጥርሳቸው እየተፋጨ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ደብቀውታል። ብርቅነሽ ግራ ተጋብታ ነገሩን ተናገረች። ገና አሁን መጀመሯ ነበር፤ ቧንቧውን እንዲይዙ ስታደርጋቸው ጮኸው እጃቸው አልላቀቅ ስላላቸው፣ እሷ ጎትታ አላቀቀቻቸው፤ እንዲያ ሲሆኑ አይታቸው ስለማታውቅ ውሃውን ትታ አቅፋቸው ነበር። እሷም በሰፍንጃ ስለነበረች ይሁን ወይም እግዜር ስለረዳት፣ ክንዷን ውርር ከማድረጉ በቀር ምንም አልሆነችም።

ጋሽ ሸዋንግዛው እርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከኩ። ወይዘሮ ወለላ ከሕመሙ ወዲህ ቃል የሚያወጡት በጭንቅ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል እየታገሉ፣ "ነግሬህ፣ ነበር" አሉ።

ዮሳቤጥ ሁሉንም አስወጥታ፣ ወይዘሮ ወለላ በደረቅ ልብስ አልጋቸው ላይ ከተኙ በኋላ፣ ከቦርሳዋ ቴስተር አወጣች፤ ኮረንቲ ያለበትን ነገር ሲነካ የሚበራ ትንሽ መፍቻ ነው። ገመዱ ለአፍታ ተመልሶ እንዲሰካ አደረገችና ጫፉን ሞተሩ ላይ አስነካችው። በራ። የሻወሩን ቧንቧ አስነካችው። በራ። ከቧንቧው ጋር የተጠጋውን የብረት ወንበር አስነካችው፤ እሱም ላይ በራ። ጋሽ ሸዋንግዛው እስከዚያ ድረስ ከልባቸው አንድ ጥግ አስቀምጠውት የነበረው ጥርጣሬ እዚያው አለቀ። ሚስታቸውን በየዕለቱ እያባበሉ ያስቀመጡበት ወንበር ነው።

"በቃ" አሉ። "ነይ አስተምሪኝ። ምን ላድርግ?"

ልጅቱ መጀመሪያ ያዘዘቻቸው ሥራ ከሁሉ የከበዳቸው ሆነ። ሞተሩ ከመታጠቢያ ቤት መውጣት አለበት፤ ከመስመሩም መቆረጥ አለበት፤ ውሃውን መሳብ ያለበት ግቢው ውስጥ በብረት ማማ ላይ ከቆመው ታንከር ነው። ታንከሩ ደግሞ የአከራያቸው የሀጃ ፋሪሃ ነው። እንግዲህ ሄደው ሁሉንም መናገር ሊኖርባቸው ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው እንደዚያ ቀን ፈርተው አያውቁም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሀጃ ፋሪሃ ውጡልኝ ቢሉ የታመመ ሰው ይዞ ቤት ፍለጋ መዞር ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ቢሆንም ሄዱ።

ሀጃ ፋሪሃ አንጋሬባቸው፣ በገመድ የተሠራው አልጋቸው፣ ላይ ተቀምጠው ሰሟቸው። ሰምተው ሲያበቁ ተነሡና ጀርባቸውን ሰጧቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቧንቧዬ የሚደርቀው ለካ ባንተ ነው አሉ በአረብኛ። እኔ እኮ ከግንቡ ወዲያ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠርጥሬ ሰላምታ ከነሳሁት ሰንብቻለሁ፣ በረመዳን እንኳ ምግብ አልላክሁለትም፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ አሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው አንገታቸውን ደፍተው መአሌሽ፣ ይቅርታ አሉ። ሴትየዋ ሳይዞሩ፣ "የታመመችዋስ? ተጎዳች?" ብለው ጠየቁ። ደህና ናት ሲባሉ አልሐምዱሊላህ አሉ። ታንከሩን ተጠቀም፣ ብትጠይቀኝ ያኔም እሰጥህ ነበር፤ አሁን ግን ተነሥና ልብስ ሰፊው ቤት አብረን እንሂድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ በራስህ አንደበት ንገርልኝ አሉ። ሄዱ፤ ነገሩም። ልብስ ሰፊው ሳቀባቸውና ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣላቸው። ያን ሁሉ ዘመን የፈሩት ነገር ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ዮሳቤጥ ያረጋል ከሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር መጣች። የያዘችው አዲስ ሞተር ጋሽ ሸዋንግዛው ሰጃና ላይ ካመለከቱት በብዙ ያነሰ ነበርና፣ ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች ሳይሉ አላለፉም። እሷ ግን እያስቀመጠች አስረዳቻቸው።

"አዩ ጋሼ፣ ውሃ በራሱ የሚወርደው ከፍታ ሲኖረው ነው። የሀጃ ታንከር ከሻወሩ ራስ የሚበልጠው በጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው ብቻውን ቢለቀቅ የሚልፈሰፈሰው። የሚፈልገው ትንሽ ግፊት ነው። ሞተሯን ከታንከሩ ሥር፣ ከመውጫው አጠገብ ካደረግናት ውሃው ወደሷ ራሱ ይወርድላታል፣ አትጎትትም። ስለማትጎትት አየር አትውጥም፣ አትቃጠልም። ታንከሩ በራሱ ጊዜ ከመስመሩ ይሞላል፤ የማንም ቧንቧ አይደርቅም። ቆሻሻውም ታች ይዘቅጣል፣ መውጫው ከዝቃጩ ከፍ ስለሚል እኛ የምንወስደው የጠራውን ነው።"

"ፀሐዩስ? ግቢ ውስጥ ልትቀቀል አይደል?"

"ቆርቆሮ እናለብሳታለን። ዝናብ ሲመጣ ወለሉ ውሃ ስለሚይዝ ብሎኬት ላይ ትቀመጣለች። ከሥሯ ላስቲክ እናደርጋለን፣ ድምፁን ያፍነዋል፤ ሬዲዮ አያስፈልግም።" ይህን ስትል ፈገግ አለች። "መታጠቢያ ቤት የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው። ሽቦ የሚባል ነገር ደፉን አያልፍም። ያረጋል የመሬት ሽቦ ይቀብራል፤ ቆጣሪው ጋ ደግሞ ኮረንቲ መፍሰስ ሲጀምር ወዲያው የሚዘጋ ብሬከር ይገባል። እትዬ ወለላ የሚይዙት መያዣ ከእንጨት ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ይመታል፤ ወንበሩም ፕላስቲክ ይሁን።"

ጋሽ ሸዋንግዛው እያንዳንዱን ነገር ለምን እያሉ ጠየቁ። መልሱ ሲገባቸው ደግሞ ራሳቸው ብሎኬት ተሸከሙ፣ ራሳቸው ላስቲክ ቆረጡ። ሀጃ ፋሪሃ ጥላ ሥር ሆነው ያዩ ነበርና፣ የኔም ሻወር ይሄንኑ ቱቦ ያግኝ ብለው ጣልቃ ገቡ። የኔ ታንከር ያጠጣችሁ፣ እኔን በባልዲ ልትተዉኝ ነው እንዴ አሉ። በሁለተኛው ቱቦ ምክንያት ሥራው እስከ ማምሻው ዘገየ፤ የተቆጣ ግን አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የተገኘውን ትርፍ ልንገርህ። ውሃው ንጹሕ ሆነ። የጎረቤት ቧንቧ መድረቁን ተወ፤ ሀጃ ፋሪሃና ልብስ ሰፊው ታረቁ። ትንሿ ሞተር ትልቁ ሊበላ የነበረውን ኮረንቲ አልበላችም። ሞተሯ በግልጽ ቦታ ስለተቀመጠች ውሃ ብታንጠባጥብ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይናገራል፤ አንድ ቀን የልብስ ሰፊው ሚስት ናት "ሞተራችሁ ድምፅ ለወጠች" ብላ መጥታ የነገረቻቸው፣ ሲያዩት አንድ ብሎን ላልቶ ነበር። በሽተኛ ይዞ፣ ዓይንና ጆሮ ሊሆንለት የሚችል ጎረቤት እያለው፣ በፍርሃት በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚጨነቅ ስንት አለ? ውሃና ኮረንቲን በአንድ ጠባብ ክፍል አጋጥሞ የሚተኛስ ስንት አለ? ያለህን ሞተር ዛሬውኑ ሄደህ እይ፤ የት እንደተቀመጠ፣ ከየት እንደሚስብ፣ ሦስተኛው ሽቦ እንዳለው። ከሁሉ በፊት ግን ቤትህ ያለ ሰው ውሃው አሳመመኝ ካለህ በሕመሙ ከማሳበብህ በፊት ሄደህ ውሃውን መርምር።

ወይዘሮ ወለላ ግን አዲሱ ሻወር ቢዘጋጅም ወዲያው እሺ አላሉም። ብዙ ጊዜ ተገድደው ነበርና የማንንም ቃል አላመኑም። ጋሽ ሸዋንግዛው አልለመኗቸውም፣ አላባበሏቸውም፤ ስትፈልጊ ንገሪኝ ብለው ተዉአቸው። በልባቸው ያ የሐኪሙ ቃል እየዞረ፣ ቁስሉ ሲሰፋ እየታያቸው፣ አፋቸውን ይዘው መጠበቁ ከሁሉ የከፋ ጭንቀት ሆነባቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ብርቅነሽ ከሥራ ስትገባ ወይዘሮ ወለላ በራሳቸው ደህናውን እጃቸውን ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመለከቱ።

ጋሽ ሸዋንግዛው በሩ ላይ ቆሙ። ውሃው ሲወርድ ይሰማቸዋል፣ ሞላ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ። የሚስታቸው ድምፅ ግን አይሰማም።

"ሸዋንግዛው" አሉ ወይዘሮ ወለላ ከውስጥ።

"አቤት።"

"በዝቷል። ቀንሰው።"

ያን ያህል የተለፋበት ውሃ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን፣ እንዲህ ሆኖ ቢመጣ ነው የሚሻልሽ፣ ትለምጂዋለሽ ባሏቸው ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እየሮጡ ታንከሩ ሥር ሄዱና ቧንቧውን ዘጋ አደረጉት።

"እንዲህ ይሻላል?" ብለው ከግቢው ጮኸው ጠየቁ።

"ትንሽ ጨምርበት" አሉ ወይዘሮ ወለላ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጨመሩላቸው።